ጉንፋን ወረርሽኝ ሆኖ ሲመጣ የገበሬው ቤት በምን ይጠብቀው?

ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ዘንድ በክረምት ማብቂያ የደረሰ ሰው የሚያየው ጢስ እሳት የሌለበት ጢስ ነው። ውኃው ከገደሉ አፋፍ ተወርውሮ ከቋጥኙ ጋር ሲላተም ወደ ረቂቅ ጠብታ ይለወጥና በነፋስ ይነሣል። ቀረብ ብሎ የቆመ መንገደኛ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጋቢው ይረጥባል። ራቅ ብሎ ከጉብታው ላይ የቆመው ግን ጢሱን በዓይኑ ያያል እንጂ አንዲት ጠብታ እንኳ አትነካውም።

ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍበት መንገድ ከዚህ ብዙም አይርቅም። የታመመ ሰው ሲያስልና ሲያስነጥስ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ከአፉና ከአፍንጫው ረቂቅ ጠብታ ይወጣል። አጠገቡ ያለ ሰው ይተነፍሰዋል። ከእጁ ላይ ያረፈውም በሰላምታ፣ በጠላ ዋንጫና በበር መዝጊያ በኩል ወደ ሌላው እጅ፣ ከእጅም ወደ ዓይንና ወደ አፍ ይሄዳል። ልዩነቱ የፏፏቴው ጠብታ የሚታይ፣ የበሽታው ጠብታ ግን የማይታይ መሆኑ ብቻ ነው።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ጉንፋን የሚናቅ በሽታ ነው። ገበሬው «ጉንፋን ነው፣ ያልፋል» ብሎ ጅራፉን ይዞ ከበሬዎቹ ኋላ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜም በእርግጥ ያልፋል። ይሁን እንጂ ከብዙ ዓመታት አንድ ጊዜ የሰው ልጅ ገላ የማያውቀው አዲስ የጉንፋን ዘር ይነሣል። ያን ጊዜ የተናቀው በሽታ አገር ያጠፋል። ለዚህም የራሳችን ታሪክ ምስክር ነው።

የኅዳር በሽታ

ዘመኑ 1911 ዓ.ም ነው። ንግሥተ ነገሥት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ፣ ራስ ተፈሪ መኰንን በአልጋ ወራሽነት ነበሩ። ለአራት ዓመታት ዓለምን ያመሰው ጦርነት ኅዳር 2 ቀን ሲያበቃ፣ አዲስ አበባ የመድፉን ዝምታ ሰምታ ሳትጨርስ በሌላ ጠላት ተከባ ነበር። በባዕድ አገር «የእስፓኝ ጉንፋን» ወይም «ግሪፕ» የተባለው ወረርሽኝ በኢትዮጵያ ከሁሉ በላይ የበረታው በኅዳር ወር ስለ ነበር ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ብሎ ጠራው። ስሙም እስከ ዛሬ ይኸው ነው።

በዚያ ጊዜ በዋና ከተማዪቱ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። የታሪክ ጸሐፊዎች በአዲስ አበባ ብቻ የሞተውን ሕዝብ እስከ 10 ሺህ ገምተውታል። በዓለም ዙሪያ የሞተው ደግሞ ከ50 ሚሊዮን እንደማያንስ ይነገራል። መቃብር የሚቆፍር ጠፍቶ ሬሳ ያለ ቀባሪ የቀረበት፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ቤተሰቡ ሁሉ ባንድ ጊዜ ወድቆ ውኃ የሚያቀብል የታጣበት ቀን እንደ ነበር በትውልድ ሲወራ ኖሯል።

የግብርናን ሥራ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው የወሩ ነገር ነው። ኅዳር ጤፍና ዳጉሳ የሚታጨድበት፣ በቆሎ የሚሸለቀቅበት ወር ነው። ሁለተኛው የታማሚው ዕድሜ ነው። የተለመደው ጉንፋን የሚበረታው በሕፃንና በሽማግሌ ላይ ሲሆን፣ የ1911ዱ ግን ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለውን ጎልማሳ ለይቶ መታ። ይኸውም ማጭድ የሚይዘውን እጅ ማለት ነው። ወረርሽኝ በገጠር ሁለት ጊዜ ይገድላል የሚባለው ስለዚህ ነው፤ መጀመሪያ ሰውየውን፣ ቀጥሎም ሳይታጨድ የቀረው እህል በሚያመጣው ረኃብ ልጆቹን።

ከዚያ ዘመን የተረፈ አንድ ልማድ አለ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ በሚካኤል በዓል፣ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ሰው ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል። «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ልማዱ ከወረርሽኙ ጋር የተያያዘ መሆኑ በትውፊት ይነገራል። ግቢን መጥረግ ዝንብና አይጥን ስለሚያርቅ የሚመሰገን ሥራ ነው። ጢሱ ግን የጉንፋንን ቫይረስ አይገድልም። እንዲያውም ፕላስቲክና ላስቲክ የተቀላቀለበት ጢስ ሳል ያለበትን ሰው ሳንባ ይጎዳል። ስለዚህ ከልማዱ ጽዳቱን አጥብቆ መያዝ፣ ጢሱን መቀነስ፣ የሚበሰብሰውንም ቆሻሻ ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ መላክ የተሻለ መሆኑን የጤናም የግብርናም ባለሙያ ይስማማበታል።

መጋቢት 2012

ከመቶ ዓመት በኋላ ሌላ ወረርሽኝ መጣ። ኮቪድ 19 በዘሩ ጉንፋን አይደለም፤ የሚያስከትለው ቫይረስ ሌላ ነው። የሚዛመትበት መንገድ ግን ተመሳሳይ በመሆኑ ለገጠሩ ሕዝብ የሰጠው ትምህርት ለጉንፋን ወረርሽኝም የሚያገለግል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ በሰየመ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም የመጀመሪያው ታማሚ በአዲስ አበባ መገኘቱ ተነገረ። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 22 ቀን የአማራ ክልል ባሕር ዳርን፣ እንጅባራን፣ አዲስ ቅዳምንና ቲሊሊን ለ14 ቀናት ከእንቅስቃሴ አገደ። መጋቢት 30 ቀን በአገር አቀፍ ደረጃ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻም በግማሽ ተሳፋሪ እንዲሄድ ተደረገ። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለው ፋሲካም ምእመናን በየቤታቸው ያከበሩት ፋሲካ ሆነ።

ካርታውን ለተመለከተ ሰው የእነዚህ ከተሞች ስም ብዙ ይናገራል። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ ቲሊሊንና እንጅባራን እንደ ዶቃ በአንድ ክር የሰካ ነው። ከቡሬም ወደ ነቀምት የሚወስድ መንገድ ይገነጠላል። በርበሬ የጫነው አይሱዙ፣ የቀን ሠራተኛ ያሳፈረው አውቶቡስ፣ ከተማ የሚማረው ልጅ፣ ሁሉም የሚያልፈው በዚሁ ክር ላይ ነው። በ1911 በሽታ በሲራራ ነጋዴ በቅሎ እርምጃ ሲጓዝ፣ ዛሬ ግን ጠዋት አዲስ አበባ የነበረ ሳል ማታ ቡሬ ገበያ ሊደርስ ይችላል።

በዚያ ወቅት የገጠሩን ሕዝብ ቤት ለቤት እየዞሩ የማስተማሩ ከባድ ሥራ የወደቀው በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ትከሻ ላይ ነበር። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም የተጀመረ ሲሆን፣ ሐሳቡ በየቀበሌው አንድ ጤና ኬላ ማቋቋምና ከአካባቢው የተመለመሉ ሁለት ሴቶችን አንድ ዓመት አሠልጥኖ መመደብ ነበር። አንድ ጤና ኬላ ወደ 5 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ እንዲያገለግል የታቀደ ነው። የትኛው ቤት ነፍሰ ጡር እንዳለች፣ የትኛው ቤት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እንዳለ ከነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ክትባቱ ወደ አገር የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ሁኔታው ማብቃቱን ያስታወቀው ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም ነው። እስከዚያ ድረስ በኢትዮጵያ በምርመራ ተረጋግጦ የተመዘገበው ሞት ብቻ ከ7 ሺህ 500 በላይ ደርሶ ነበር። ሳይመረመር በየመንደሩ የተቀበረው ከዚህ ቁጥር ውጭ ነው።

በመካከሉ በ2001 ዓ.ም የተነሣውንም ማንሣት ይገባል። በዚያ ዓመት «የአሳማ ጉንፋን» የተባለው አዲስ ዘር ዓለምን አዳርሶ በሰኔ ወር ኢትዮጵያም ገብቶ ነበር። ያኛው የተፈራውን ያህል ሳይከፋ አለፈ። ነገር ግን የጉንፋን ወረርሽኝ የጥንት ተረት አለመሆኑን አስታውሶ ነው የሄደው።

ጉንፋን፣ ምች ወይስ ወባ?

በብር፣ በፈጣምና በላህ ወንዞች ቆላማ ዳርቻ ለሚኖር ገበሬ ትኩሳት ማለት ወባ ነው። ደጋ ላይ ደግሞ ራስ ምታትና ብርድ ብርድ ማለት ከምች ይቆጠራል፤ ዳማከሴ ተጨምቆ ይጠጣል፤ ጤና አዳም ይሸተታል። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ጉሮሮን ያለዝባሉ፤ ትኩስ ነገር መጠጣትም ደግ ነው። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ሕመሙን ያስታግሱ እንደሆነ እንጂ ቫይረሱን አይገድሉም። በ2012 ዓ.ም የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ዋጋ ሰማይ የነካው ይህ ባለመታወቁ ነበር።

ወረርሽኝ በወባ ወራት ሲመጣ መለየቱ ይበልጥ ይከብዳል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ሁለቱም ባንድ መንደር ሊገኙ ይችላሉ። መፍትሔው በግምት አለመሥራት ነው። በጤና ኬላ ከጣት ጫፍ በሚወሰድ አንዲት የደም ጠብታ ወባ መኖር አለመኖሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል። ወባ ከሌለ፣ ትኩሳቱ በድንገት ከጀመረ፣ ሳል፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የጡንቻ ቁርጥማትና ከባድ ድካም ካለ ጉንፋንን መጠርጠር ይገባል። በአንድ ሳምንት ውስጥ በአንድ ጎጥ ብዙ ቤት እንዲህ ከታመመ ደግሞ ነገሩ የአንድ ቤት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ለጤና ኬላዋ ሠራተኛ በዕለቱ መንገር፣ እርሷም ለጤና ጣቢያው ማስታወቅ ያስፈልጋል። ከዚያ የሚላከው ናሙና ነው የበሽታውን ስም በላቦራቶሪ የሚያስታውቀው።

አንድ ቤት ሲታመም

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በፈጣም ወንዝ አካባቢ ስድስት ነፍስ ያለበት አንድ የገበሬ ቤት ይታሰብ፤ አባወራው፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር የሆነች ሚስቱ፣ አሮጊት እናቱና ሦስት ልጆች። ወሩ ሰኔ ነው። በቆሎው በቅሏል፤ የዳጉሳው ማሳ ግን ሁለት እርሻ ይቀረዋል።

አባወራው ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ውሎ ይመለሳል። የጉንፋን ቫይረስ ከገባ በኋላ ከአንድ እስከ አራት ቀን ሳይታይ ስለሚቆይ እሑድ ደኅና ነው። ሰኞ ማታ ያንቀጠቅጠዋል። ሚስቱ ወባ ነው ብላ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ጤና ኬላ ትወስደዋለች። ደሙ ታይቶ ወባ አይገኝም። የጤና ሠራተኛዋም ሰውየው ለብቻው እንዲተኛ፣ ብዙ ውኃና አጥሚት እንዲጠጣ፣ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል እንዲወስድ፣ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ከሰው እንዳይቀላቀል ትነግራቸዋለች።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ይመጣል፤ ማን ያስታምመው? በልማድ ይህ የሚስት ሥራ ነው። ነገር ግን ነፍሰ ጡር በጉንፋን ክፉኛ ከሚጎዱት ወገን ናት። አሮጊቷም እንዲሁ። ከሁለት ዓመት በታች ያለው ሕፃንም እንዲሁ። ስለዚህ የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጅ አፍና አፍንጫውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ምግቡን ቢያቀብልና እጁን ቢታጠብ ይሻላል። አባትየውም ሲያስል አፉን በክንዱ መታጠፊያ ወይም በነጠላው ጫፍ ይሸፍን። መደቡ ከምድጃው ርቆ ወደ በሩ ይጠጋ፤ በሩም ቀን ቀን ይከፈት። መስኮት በሌለው ቤት ጢስና ትንፋሽ ታፍነው ሲውሉ ረቂቁ ጠብታ በአየሩ ላይ ይቆያልና።

የእጅ መታጠቢያ ገንዘብ አይጠይቅም። ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን አንገቱ አጠገብ ተበስቶ በሁለት ባላ መካከል ይንጠለጠላል። ከአንገቱ ወደ መሬት በወረደ ገመድ ጫፍ ላይ እንጨት ይታሰራል፤ እንጨቱ በእግር ሲረገጥ ጀሪካኑ ያዘነብላል፣ ውኃው ይወርዳል፤ በእጅ የሚነካ ነገር የለም። ይህ ከሌለ ከታች የተበሳ አንድ ሃይላንድ ይበቃል፤ ክዳኑ ሲላላ ይፈስሳል፣ ሲጠብቅ ይቆማል። ሳሙና የቫይረሱን የስብ ልባስ ስለሚያሟሟ ከሁሉ ይበልጣል። ሳሙና በታጣ ጊዜ ንጹሕ የምድጃ አመድ ይረዳል። ዋናው ነገር ሃያ ሰከንድ ያህል አጥብቆ ማሸትና በሚፈስ ውኃ ማጥራት ነው።

አርብ ዕለት አባወራው ይሻለዋል፤ ትኩሳቱ ይበርዳል። ሁለተኛው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሰኔ ነው፤ ዝናቡ አይጠብቅም። ሰውየው ሞፈርና ቀንበሩን እያየ መተኛት ያቅተዋል፤ ቅዳሜ ወደ ማሳው ይወጣል። እሑድ ማታ ትኩሳቱ በእጥፍ ይመለሳል። ደረቱን ይወጋዋል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ አክታው ቀለሙን ይለውጣል። ይህ ጉንፋኑ ባደከመው ገላ ላይ የተነሣ የሳንባ ምች ነው። በ1911 ዓ.ም ብዙውን ሕዝብ የፈጀው ይኸው ነበር፤ በዚያን ጊዜ ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም። ዛሬ ግን በጊዜ ከተደረሰበት የሚድን በሽታ ነው።

«ተሽሎት ነበር፣ ይሻለዋል» ብሎ ሌሊቱን ማሳለፍ ነፍስ ያስከፍላል። ትንፋሽ የፈጠነበት፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ የሚቃዥ፣ መጠጣት ያቃተው፣ ወይም ከተሻለው በኋላ ትኩሳቱ የተመለሰበት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል መወሰድ አለበት። የምሳሌያችን አባወራ ጎረቤቶቹ አፋቸውን በሻሽ ሸፍነው፣ በር ዘግቶ ከመኪና ይልቅ አየር በሚነፍስበት ቃሬዛ ተሸክመው ሰኞ ጎሕ ሲቀድ አደረሱት እንበል። ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት ተሰጥቶት ተረፈ እንበል። መድኃኒቱ የሠራው ግን ለሳንባ ምቹ እንጂ ለጉንፋኑ አለመሆኑን ማወቅ ይገባል። ለተራ ጉንፋን ከየሱቁ እንክብል ገዝቶ መዋጥ ገንዘብ ከማባከኑም በላይ መድኃኒቱ በክፉ ቀን እንዳይሠራ ያደርገዋል።

ማሳው ጾሙን እንዳያድር

ይህ ሰው ቅዳሜ ዕለት ለምን ተነሣ? ስላላወቀ ብቻ አይደለም። ማሳው ባዶውን ካደረ ልጆቹ በመጪው ዓመት ምን እንደሚበሉ ስላሰበ ነው። ስለዚህ ገበሬውን «ተኛ» ብሎ መምከር ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። የቀረውን ግማሽ የሚሠራው ደቦና ወንፈል ነው።

በምሳሌው ላይ አርብ ማታ ጎረቤቱ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ፣ «አያ፣ ማሳው አይጠፋም፤ እኛ አለን፤ አንተ ግን ብትጠፋ ማን ይተካሃል?» ቢለው ኖሮ፣ ነገውም ሁለት ጥማድ በሬ ቢያዘጋጅለት ኖሮ ቃሬዛውም አያስፈልግም ነበር። ወረርሽኝ ከመምጣቱ በፊት በየጎጡ የታመመን ሰው ማሳ በየተራ የሚያርስና የሚያጭድ ቡድን መሰየም ከመድኃኒት የማይተናነስ ዝግጅት ነው።

ደቦውም ራሱ ሥርዓት ይፈልጋል። ሜዳ ላይ ተራርቆ ማረስና ማጨድ አደጋው ትንሽ ነው። አደጋው ያለው ከሥራው በኋላ፣ ሠላሳ ሰው ባንድ ቤት ታፍጎ በአንድ ዋንጫ ሲጠጣ ነው። ድግሱ በዛፍ ጥላ ሥር ይሁን፤ ሰው ሁሉ የራሱን ዋንጫ ይዞ ይምጣ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በሚከፋፈልበት ቀን የኅብረት ሥራ ማኅበሩ በር ላይ የሚፈጠረው ግፊያም እንዲሁ ነው፤ ለየጎጡ ቀን ለይቶ መስጠት የግብርና ልማት ሠራተኛውና የማኅበሩ ኮሚቴ በአንድ ስብሰባ ሊጨርሱት የሚችሉት ጉዳይ ነው።

ሰላምታ፣ ጥየቃና ለቅሶ

የጎጃም ሕዝብ የታመመን መጠየቅና የሞተን መቅበር ከግዴታ ሁሉ በላይ ያከብራል። በወረርሽኝ ጊዜ «አትጠይቁ፣ አትቅበሩ» ብሎ ማዘዝ ስለማይሆን፣ እንዴት እንደሚጠየቅና እንዴት እንደሚቀበር መመካከር ይበጃል።

ጥያቄው ከደጃፍ ሆኖ ሊፈጸም ይችላል። ጠያቂው እንጀራና ወተት፣ እንጨትና ውኃ በር ላይ አስቀምጦ በድምፅ ቢያጽናና ጥየቃውን አላጓደለም። ሰላምታም ቢሆን፣ አባቶች ጎንበስ ብለው እጅ ይነሡ ነበር። በ2012 ዓ.ም እጅን ደረት ላይ አድርጎ ዝቅ ማለት ሲመከር፣ ለብዙ ሽማግሌ የቀድሞው ክብር ተመልሶ እንደ መምጣት ነበር።

በለቅሶ ላይ ዕድሩ ትልቅ ሥልጣን አለው። ቀብሩ ሜዳ ላይ በአጭር ጊዜ እንዲፈጸም፣ ድንኳኑ አራቱም ጎኑ ክፍት እንዲሆን፣ ሰው ባንድ ቀን ከመጉረፍ በየጎጡ እየተፈራረቀ እንዲደርስ ሊወስን ይችላል። የዕድር ዳኛ የተናገረውን መንደሩ ይሰማል። የቄሱም ቃል እንዲሁ። ስለዚህ የጤና ባለሙያ ትምህርቱን ሲያዘጋጅ እነዚህን ሰዎች ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ሊያማክራቸው ይገባል።

ፈንግልና የወፍ ጉንፋን

የጉንፋን አዲስ ዘር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከእንስሳት ነው። በ1998 ዓ.ም የወፍ ጉንፋን በናይጄሪያ መገኘቱ ሲሰማ በኢትዮጵያ ብዙ ሰው ዶሮ ከመግዛት ተቆጥቦ፣ በዶሮ እርባታ የሚተዳደሩ ሴቶች ገበያቸው ቀዝቅዞ ነበር።

በገጠራችን ዶሮን በጅምላ የሚጨርሰው የታወቀው በሽታ ፈንግል ነው። ፈንግልና የወፍ ጉንፋን በዓይን ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም በጥቂት ቀናት ውስጥ መንጋ ይፈጃሉ። ስለዚህ ብዙ ዶሮ ባንድ ጊዜ ሲሞት «ፈንግል ነው» ብሎ ዝም ማለት አይበቃም። የሞተውን በባዶ እጅ አለመንካት፣ ለውሻ አለመጣል፣ ሊሞት ያለውንም ለገበያ ወይም ለወጥ አለማቅረብ፣ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቆ በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ይገባል። ዶሮን ከሰው መኝታ ለይቶ በቆጥ ማሳደርና ለፈንግል ማስከተብም እንቁላሉንም ጤናውንም ያተርፋል።

መንገድ ሲዘጋ

ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተስፋፋው ግጭት የገጠሩን የጤና አገልግሎት ክፉኛ አናግቶታል። መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት አይደርስም፤ አምቡላንስ አይንቀሳቀስም፤ ስልክ ሲቋረጥ የበሽታ ወሬ አይሰማም። ለ1911ዱ ዘመን የሚቀርብ ቀን ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል ይህ ያሳያል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት መንደሩ በራሱ እጅ ያለውን አስቀድሞ ማደራጀት እንዳለበት ነው። በጤና ኬላው የሁለትና የሦስት ወር የወባ መመርመሪያና ፓራሲታሞል ክምችት፣ በየጎጡ አንድ ጠንካራ ቃሬዛና የተሸካሚዎች ተራ፣ በየቤቱ ሳሙና፣ የነፍሰ ጡሮችና የአረጋውያን ዝርዝር፣ የታማሚን ማሳ የሚያርስ ቡድን፤ እነዚህ ሁሉ መንገድ ቢዘጋም የሚሠሩ ናቸው። የሕፃናት ክትባትም ከዚሁ ይቆጠራል። ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ በመደበኛው ክትባት ውስጥ የገባው የሳንባ ምች መከላከያ ጉንፋንን ባይከለክልም፣ ጉንፋን ያደከመውን ሕፃን ከሚከተለው ሞት ያድናል። ያልተከተበ ልጅ ያለው ቤተሰብ የተረጋጋ ሳምንት ባገኘ ጊዜ ሁሉ ማስከተቡን ማስቀደም አለበት።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አበው። የሚቀጥለው የጉንፋን ወረርሽኝ መቼ እንደሚነሣ የሚያውቅ የለም፤ መምጣቱ ግን አይቀርም። በመጪው ኅዳር 12 ቀን ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን የሚሰበስብ ቤተሰብ፣ ያንኑ ዕለት ሁለት ነገር ቢጨምር ብዙ ነው። አንዱ በደጃፉ ላይ ጀሪካኑን ማንጠልጠል፣ ሁለተኛው ከጎረቤቱ ጋር ቡና ጠጥቶ «እኔ ብታመም ማሳዬን ማን ያጭዳል? አንተ ብትታመምስ?» ብሎ መስማማት ነው። የኅዳር በሽታ የወሰዳቸው ሰዎች ይህን ለመነጋገር ጊዜ አላገኙም ነበር።